ንድፍና ቀለም ለሚጀምር ሰው፦ የቱን ወረቀት፣ የቱን እርሳስ፣ የቱን ብዕር?

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ተሰብስበን ንድፍ እንሠራለን። አዲስ ልጅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ነገር ተመሳሳይ ነው። በአንድ እጁ 24 እርሳስ የተደረደረበት የሚያምር የቆርቆሮ ሳጥን፣ በሌላ እጁ ከደብተር መሃል የተገነጠለ ወረቀት። እናትና አባቱ ሳጥኑን ለመግዛት ከምን ላይ ቆጥበው እንደሆነ ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። ብሩ ወጥቷል፤ የወጣበት ቦታ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሁለት እርሳስና አንድ እሽግ ወረቀት ቢገዛለት ኖሮ የልጁ እጅ በጥቂት ወር ውስጥ በተፍታታ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሱቅ ገብታችሁ የቱን ላንሳ እያላችሁ ለምትቸገሩ ነው። ለልጃችሁም ይሁን ለራሳችሁ። ዕቃዎቹን ሁሉ የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሳልሳሳለት እጨርሰዋለሁ ወይ? ጀማሪ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ብዙ መስመር ማስመር ነው። የሚሳሱለት ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ ርካሽ ሆኖ ሥራ የሚያበላሽ ዕቃ አለ። እሱንም እየለየሁ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ወረቀት

የወረቀት ውፍረት የሚነገረው በክብደት ነው። ማሸጊያው ላይ 80 ግራም ከተባለ፣ የዚያ ወረቀት አንድ ካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። የኤ4 ቅጠል የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነች አንዷ 5 ግራም ትመዝናለች። ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይወፍራል፣ ውሃና ቀለምም ይችላል።

የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 80 ግራም ነው። ይህን ወረቀት የሚንቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ግን ለልምምድ ከሱ የሚሻል አላገኘሁም። አንድ እሽግ 500 ቅጠል አለው፤ በሁለቱም ገጽ ከሠራችሁበት 1000 ንድፍ ማለት ነው። ለስላሳ ስለሆነ ብዕር አያደናቅፍም። እርሳስ ይቀበላል፣ እስክሪፕቶ ይቀበላል፣ ቀጭን ብዕርም ይቀበላል። የማይችለው ውሃ ነው። በብሩሽ ጥቁር ቀለም ስታለብሱት ይሸበሸባል፣ ቀለሙም በስተጀርባ ይወጣል። ከዚህ በተረፈ አበላሻለሁ ብላችሁ የማትፈሩት ወረቀት እሱ ነው፤ አንዱን ቅጠል አጨማድዳችሁ ብትጥሉት ሆድ አይብስም።

የደብተር ወረቀት ቀጭን ነው። ላጲስ ይቀደዋል፣ ቀለም በሌላው ገጽ ይታያል፣ የተሰመረው መስመርም ዓይን ይረብሻል። ሌላ የሌለው ሰው ግን በሱም ይሥራ። ወረቀት እስኪገዛ ተብሎ የሚቆም እጅ እንዳይኖር።

ስኬች ቡክ የሚባለው ጥራዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ግራም ባለው መካከል ነው። ገጹ ትንሽ ሻካራ ስለሆነ እርሳሱን ይይዝለታል፤ ጥላ ስትሠሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ስትገዙ ሽፋኑን ተዉትና ክፈቱት። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል? በሽቦ የተጠመዘዘ ወይም በክር የተሰፋ ከሆነ ይተኛል። በሙጫ ብቻ የተያያዘው ሲከፍቱት ተመልሶ ይዘጋል፣ በኃይል ሲጫኑት ደግሞ ቅጠሉ ይረግፋል። መጠኑን በተመለከተ የኤ4 ግማሽ የሆነው ኤ5 ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ታክሲ ስትጠብቁም ታወጡታላችሁ። ኤ4 ክንድ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል። ለልጅ ኤ4 ይሻላል፤ ትንሽ ወረቀት ላይ ልጆች ጣታቸውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሱት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ውድ ወረቀት ሁሉ ለቀለም ብዕር አይሆንም። ለውሃ ቀለም የተሠራው ባለ 300 ግራም ወረቀት ውሃውን አይፈራም፤ ነገር ግን አብዛኛው ገጹ ሻካራ ነው። ቀጭን የስፖንጅ ጫፍ ያለውን ብዕር እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቀለም ውስጥ እየተነከረ የሚሠራበት የብረት ብዕር ደግሞ ጭረቱ ውስጥ ይሰነቀርና ቀለም ይረጫል። ለብዕር የሚሆነው ወፍራም ሆኖ ለስላሳ የሆነው ነው። ብሪስቶል የሚባለው ጠንካራ ነጭ ወረቀት ለዚህ የተመቸ ነው። እሱ ከሌለ ከ160 እስከ 200 ግራም የሆነ ለስላሳ ወረቀት ይበቃል፤ ትንሽ ውሃም ይችላል።

የኔ ምርጫ አንድ እሽግ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለየቀኑ፣ አንድ ቀጭን ጥራዝ ባለ 160 ወይም 200 ግራም ለንጹሕ ሥራ ነው። አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ እሽጉን ግዙ።

እርሳስ

በአማርኛ እርሳስ ስንለው ስሙን ከብረቱ ጋር ይጋራል። አንዳንድ ወላጆች ልጁ ሲያኝከው አይተው ይደነግጣሉ። ውስጡ ግን እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። ግራፋይት የሚባል ጥቁር ማዕድንና ሸክላ አፈር ነው። በ1795 እ.ኤ.አ. ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ ጋር ለውሶ በእሳት መተኮስን አስመዘገበ። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። እርሳሱ ጀርባ ላይ የምታዩት ፊደል የዚህ ልክ ነው። ኤች (H) ጠንካራ፣ ቢ (B) ጥቁር፣ ኤችቢ (HB) መካከለኛ። ከፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር ነገሩ ይብሳል፤ 6ቢ ከ2ቢ በጣም ይጠቁራል፣ 4ኤች ከ2ኤች ይጠነክራል። ሁሉም ፋብሪካ በአንድ ልክ አይሠራም፤ የአንዱ 2ቢ የሌላውን 3ቢ ሊያክል ይችላል።

አንድ እርሳስ ብቻ ግዙ ብባል 2ቢ እላለሁ። ቀለል አድርገው ሲይዙት ግራጫ ይሰጣል፣ ጫን ሲሉት ይጠቁራል፣ በላጲስም ይጠፋል። ሁለተኛው በምን እንደምትጨርሱ ይወሰናል። ሥራችሁ በእርሳስ የሚያልቅ ከሆነ 4ቢ ወይም 6ቢ ጨምሩ፤ የጸጉርና የጨለማ ቦታ ጥቁረት ከሱ ነው የሚገኘው። በላዩ ቀለም የምታስኬዱ ከሆነ ደግሞ ኤችቢ ጨምሩ። ለስላሳ እርሳስ ከቀለም በታች አይሆንም። ወረቀቱ ላይ የግራፋይት ዱቄት ይተውና የብዕሩን ጫፍ ይደፍነዋል፤ መስመሩ እየዘለለ ይወጣል።

ባለ ኤች እርሳሶችን ለጀማሪ አልመክርም። ቀጭንና ፈዛዛ መስመር ስለሚሰጡ ንጹሕ ይመስላሉ። ጀማሪ ግን እጁ ይከብዳል። ጠንካራው ጫፍ ወረቀቱን ያርሰዋል፤ በላጲስ ብታጠፉት እንኳ ቦዩ ይቀራል፣ ቀለም ሲያልፍበትም ይታያል።

ባለ 12ና ባለ 24 ሳጥኑስ? መጥፎ ዕቃ አይደለም። ውስጡ ካሉት የምትጨርሱት ግን ሁለቱን ወይም ሦስቱን ነው። የተቀሩት ሳይቀረጹ ይኖራሉ። በነጠላ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጉ። መርካቶ ከሄዳችሁ በደርዘን ይሻላል ይሏችኋል፤ ሙሉ ደርዘን 2ቢ ከሆነ አዎ ይሻላል፣ ከጓደኛ ጋር ተካፈሉት።

ስትገዙ የእርሳሱን ጀርባ በደንብ እዩ። ጥቁሩ ክብ ከእንጨቱ እኩል መሃል ላይ መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ከሆነ መቅረጫ ውስጥ ሁልጊዜ ይሰበራል። ልጆች «እርሳሴ ይሰበራል» ብለው ሲያለቅሱ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

የሚሞላው እርሳስ፣ 0.5 ወይም 0.7 የሚባለው፣ መቅረጽ አይፈልግም፣ መስመሩም አይለዋወጥም። ከቀለም በታች ለሚሠራ ንድፍ እወደዋለሁ። ለጥላ ግን አይሆንም፤ አጋድማችሁ በጎኑ ማስኬድ አትችሉም። እጃቸው ለሚከብድ ልጆች 0.7 ይሻላል፣ 0.5 ቶሎ ይሰበርባቸዋል።

ላጲስና መቅረጫ

ነጩ የፕላስቲክ ላጲስ በቂ ነው። እርሳስ ጫፍ ላይ የሚተከለው ሮዝ ላጲስ ብዙ ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ወረቀት ይልጣል፣ ያቆሽሻልም። ሌላው እንደ ሊጥ የሚታሽ ግራጫ ላጲስ ነው። እሱ አይፋቅበትም፤ ጫን አድርገው ሲያነሱት ግራፋይቱን ይዞ ይነሳል። ጥላን ለማቅለል ግሩም ነው። ከሌለም ግን ሥራ አይቆምም። መቅረጫ ስለት ያለው ይሁን፤ ስለቱ ሲዶለዱም ጣሉት። ትልልቆቹ በምላጭ መቅረጽን ልመዱ፣ ረጅም ጫፍ ይወጣላችኋል።

ቀለም ሲመጣ

እዚህ ላይ ብዙ አወራለሁ፣ ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ የእንጨት ሰገነት ያለው አንድ አሮጌ ቤት ነበር። ሦስት ጠዋት እየተመላለስኩ በብዕር ነደፍኩት። ብዕሩን የገዛሁበት ሱቅ «ውሃ አይነካውም» ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ለጥላው ቀጠን ያለ የውሃ ቀለም ሳሳልፍበት መስመሩ በሙሉ ለቀቀ። ሰገነቱ፣ መስኮቱ፣ የቆርቆሮው ክዳን፣ ሁሉም አንድ ግራጫ ጭቃ ሆነ። እንደገና እሠራዋለሁ ብዬ አቆየሁት። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ሄደ።

ስለዚህ የቀለም ብዕር ስትመርጡ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ውሃ ሲነካው ይለቃል? መልሱን ከሻጩ አትውሰዱ። ወረቀት ላይ አስምሩ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ጣታችሁን አርጥባችሁ እሹት። የሚለቅ ከሆነ ጣታችሁ ይነግራችኋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከቀለሙ አሠራር ነው። አንዳንዱ ቀለም እንደ ስኳር ውሃው ውስጥ የሟሟ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል፣ ፀሐይም ቶሎ ያደበዝዘዋል። ፒግመንት የሚባለው ግን የደቀቀ ጠጣር ነው። ወረቀቱ ላይ ደርቆ ይቀመጣል፣ ብርሃንም የበለጠ ይችላል።

ከሁሉም ርካሹ እስክሪፕቶ ነው፣ ቢክ የምንለው። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ያ ባለ ስድስት ጎን ግልጽ እስክሪፕቶ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ የንድፍ ዕቃ ነው። ቀለሙ ዘይትነት ስላለው በውሃ አይለቅም። ቀስ ብላችሁ ስታስኬዱት ፈዛዛ ግራጫ ይሰጣል፣ ስትጫኑት ይጠቁራል፤ እንደ እርሳስ ጥላ ይሠራል ማለት ነው። ስለማይጠፋ ደግሞ እጅ ከመሄዱ በፊት ዓይን ደህና አድርጎ እንዲያይ ያስገድዳል። ጉድለቱ ጫፉ ላይ የሚጠራቀመው ቀለም ነው፤ በየጊዜው በጨርቅ ካልጠረጋችሁት ጠብታ ይጥላል። ፀሐይም ያደበዝዘዋል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ አልመርጠውም። ለልምምድ ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ጄል እስክሪፕቶ ጥቁር ነው፣ ይንሸራተታል፣ ሲጽፉበት ደስ ይላል። ብዙው ግን ቶሎ አይደርቅም፣ በውሃ የሚለቅም አለ። ግራኞች በተለይ ተጠንቀቁ፤ እጃችሁ ያሰመራችሁትን እየጠረገ ያልፋል። ጄል ካላችሁ ከቀኝ ጀምራችሁ ወደ ግራ ሥሩ፣ ወይም ከእጃችሁ ሥር ቁራጭ ወረቀት አድርጉ። ነጩ ጄል ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ቀለም ላይ የብርሃን ነጥብ ለማስቀመጥ አንድ መያዝ አይከፋም።

ፋይንላይነር የሚባለው ቀጭን ብዕር ለጀማሪ ቀለም ዋናው ምርጫዬ ነው። ፒግመንት ያለበትን ግዙ። የሳኩራ ፒግማ ማይክሮን፣ የስቴድለር ፒግመንት ላይነርና የፋበር ካስቴል ተመሳሳይ ብዕሮች ደርቀው ውሃ ይችላሉ። መስመሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ውፍረት አለው። ይህ ጥቅሙም ጉድለቱም ነው። ሕንፃ፣ ጀበና፣ የሸማ ጥለት ስትነድፉ ይታዘዛችኋል። የሰው ፊት ላይ ግን መስመሩ ሽቦ ሊመስል ይችላል። ቁጥሩን ስታነቡ አትሳሳቱ። ማይክሮን ላይ 01 የተባለው 0.25 ሚሊሜትር ነው፣ 03 የተባለው 0.35፣ 05 የተባለው 0.45፣ 08 የተባለው 0.50። ሌሎች ፋብሪካዎች በቀጥታ ሚሊሜትሩን ይጽፋሉ። የአንዱ 03ና የሌላው 0.3 አንድ አይደሉም። ሁለት ከገዛችሁ አንዱ 03፣ ሌላው 08 ይሁን፤ ልዩነታቸው ዓይን ላይ ይታያል። በጣም ቀጫጭኖቹን ተዉአቸው። የጀማሪ እጅ ከብዶ ጫፉን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ በሳምንቱ ብዕሩ ያልቃል። ያንን ስብራት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ልጁ ብዕሩን እንጂ እጁን አይወቅስም፣ እኔም አልፈርድበትም።

ብሩሽ ብዕር ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያቀሉት ይቀጥናል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጫፉ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ነው፣ እንደ ቶምቦው ፉዴኖሱኬ፤ ለመልመድ ይቀላል። ሌላው እውነተኛ ጸጉር የሚመስል የናይለን ጫፍ አለው፣ እንደ ፔንቴል ኪስ ብሩሽ፤ ቀለሙ ይሞላለታል፣ ውሃም ይችላል፣ መስመሩም በጣም ያምራል። እጅ ካልረጋ ግን ያስቸግራል። ፋይንላይነሩን ለጥቂት ወራት ከሠራችሁበት በኋላ የጸጉሩን ብታነሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

እየነከሩ የሚሠሩበት የብረት ብዕርና የብልቃጥ ቀለም ሌላው መንገድ ነው። መጀመሪያ ብር ያስወጣል፤ ከዚያ ግን አንድ ብልቃጥ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። እንደ እጃችሁ ጭነት ይወፍራል፣ ይቀጥናል። አዲስ የብረት ጫፍ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል፤ በሳሙና ካላጠባችሁት ቀለሙን አይይዝም፣ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ስትጨርሱ ቀለሙ ሳይደርቅ እጠቡት። የብልቃጡ ጥቁር ቀለም ከሰም መሳይ ሙጫ ጋር ስለሆነ ደርቆ ይደነድናል። በዚሁ ምክንያት ይህን ቀለም ፋውንቴን ፔን በሚባለው፣ ቀለም እየተሞላ በሚጻፍበት ብዕር ውስጥ በጭራሽ አትጨምሩት፤ ቧንቧውን ደፍኖ ብዕሩን ይገድለዋል።

ስለ ነከራ ካነሳን በሀገራችን የቆየ አማራጭ አለ። ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ የሚጽፉት መቃ ቀርጸው ነው። ቀለሙን በቀንድ ያኖሩታል፤ የጥቁሩ መሠረት ጥላሸት ነው፣ ቀዩ ደግሞ ለቅዱሳን ስሞች ይለያል። ዛሬ በብልቃጥ የምንገዛው ጥቁር ቀለምም ውስጡ ያው ጥላሸት ነው። ስለዚህ መቃ ወይም ቀጭን ሸምበቆ አግኝታችሁ ጫፉን በሰያፍ ቁረጡ፣ ጎንና ጎኑን አቅጥኑ፣ መሃሉን በትንሹ ሰንጥቁት። ለልጆች ምላጩን ትልቅ ሰው ይያዘው። መስመሩ አጭር ነው፤ ቶሎ ቶሎ መንከር ይፈልጋል። ሻካራና ደማቅ ነው፣ ደብዝዞ የሚያልቀው ጫፉም ለዛፍ፣ ለድንጋይ፣ ለሽማግሌ ፊት ይሆናል። ሲዶለዱም እንደገና ትቀርጹታላችሁ። የቅዳሜ ልጆች ከሁሉም ይህን ነው የሚወዱት፤ አንዲት ልጅ ለብቻዋ አሥራ አንድ ቀርጻ መጣች።

ሁሉንም ሳስተያይ፣ ብር ያጠረው ሰው የወረቀት እሽጉን፣ አንድ 2ቢ፣ ሁለት ቢክና ነጭ ላጲስ ይግዛ። ብልቃጥ ቀለም ላይ ከደረሰ መቃ ይቅረጽ። ትንሽ የተረፈው ሁለት ፒግመንት ፋይንላይነርና ባለ 160 ወይም ባለ 200 ግራም ጥራዝ ይጨምር። ሦስተኛ ግዢ ብሩሽ ብዕር ነው። ከዚያ በፊት ባለ ብዙ ቀለም ማርከር ሳጥን አትግዙ፤ ጥቁርና ነጩን ሳይለዩ 36 ቀለም መያዝ እጅ ያስራል።

ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ሲል

ከዋሽንግተንም ከዱባይም ይህ ስልክ ይመጣል። ብዙዎቻችን ይሉኝታ ይዞን «ምንም» እንላለን፣ ወይም ደግሞ ትልቅ ሳጥን እንጠይቃለን። ቀላልና ትንሽ ነገር ጠይቁ። ፒግመንት ፋይንላይነር ሁለት ሦስት፣ አንድ ብሩሽ ብዕር፣ እንደ ሊጥ የሚታሸው ላጲስ፣ ጥቂት የብረት ብዕር ጫፍ። ተደምረው ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ስሙንና ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩ፤ ዘመዳችሁ ሱቅ ውስጥ እንዳይደናገር።

ከባድ ወረቀት ግን አታስይዙ። ባለ 300 ግራም ኤ4 አንዷ ቅጠል 19 ግራም ያህል ናት፣ 50 ቅጠል ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ያ ኪሎ ለእናት መድኃኒት ወይም ለልጅ ጫማ ይሁን። ብልቃጥ ቀለም የሚያመጡ ከሆነ ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት።

ዕቃው እጃችሁ የገባ ቀን

መጀመሪያ አንድ ቅጠል ውሰዱ። ያላችሁን እርሳስና ብዕር ሁሉ በተራ አስምሩበት፣ ጎኑ ላይ ስሙን ጻፉ። በአንዱ ጫፍ ላይ እርጥብ ጣት ወይም ብሩሽ አሳልፉ፤ የለቀቀውን አክብቡት። ቅጠሉን ገልብጡና በስተጀርባ የወጣውን እዩ። ከዚያ ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፉት። ከወር በኋላ ካርቶኑን አንሱና የትኛው መስመር እንደገረጣ ተመልከቱ።